ጥፋቱ የፒክአፑ አይደለም

ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝቶ ድምፁ አልጥም ላለው ወጣት ከየአቅጣጫው የሚደርሰው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ፒክአፑን ቀይረው»። ምክሩ ከአዲስ አበባ ይምጣ ከዱባይ፣ ጓደኛ ይስጠው ወይም በስልክ የታየ ቪዲዮ፣ ቃሉ አይለወጥም። የፋብሪካው ፒክአፕ ርካሽ ነው፣ ማግኔቱ ሴራሚክ ነው፣ ስመ ጥር የሆነ አንድ ጥንድ ቢገባበት ግን ጊታሩ ሌላ ጊታር ይሆናል ይባላል። ይህ ምክር የተወለደበት አገር አለው። እዚያ የግድግዳው ሶኬት ኧርዝ በእርግጥ መሬት ውስጥ መግባቱን የሚጠራጠር ብዙ ሰው የለም፤ ክር የሚሸጥ ሱቅ ቅርብ ነው፤ አንገት የሚያቀና፣ ፍሬት የሚባሉትን የአንገቱን ብረቶች የሚሞርድ ባለሙያም ጥቂት ፌርማታ ሄዶ ይገኛል። ከጅግጅጋ እስከ ቀብሪበያህ፣ ከአውበሬ እስከ ሸደር ባሉት ከተሞች ግን ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም በአስተማማኝ ሁኔታ የለም። ስለዚህ ምክሩ እዚህ ሲደርስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይሆናል። በዚህ አካባቢ በትርፍ ጊዜው ጊታር የሚጫወተውን ሰው ድምፅ የሚያበላሽበት በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ አቧራው፣ ድርቀቱና የጠጋኝ መጥፋት እንጂ ፒክአፑ አይደለም ባይ ነኝ። ኪሱም ሐሳቡም መጀመሪያ ወደዚያ መዞር አለበት።

«ለመሆኑ ጅግጅጋንና ኤሌክትሪክ ጊታርን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ብዙ ነገር አገናኝቷቸዋል። ዘመናዊው የሶማሌ ዘፈን መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው «ባልዎ» በ1940ዎቹ፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፣ አብዲ ሲኒሞ የጀመረው ከአውበሬ ድንበሩን ተሻግሮ ባለችው በቦረማ አካባቢ ነው። አብዱላሂ ቃርሼ በካባን፣ ማለትም ዓረቦች ኡድ በሚሉት መሣሪያ፣ ያንን ዘፈን ወደ ራዲዮና ወደ መድረክ አወጣው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የሞቃዲሾና የሐርጌሳ ባንዶች ከካባኑ ጎን ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ኦርጋን ሰክተው ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ የራዲዮ ጣቢያዋ ካሴቶች ገሚሱ መሬት ውስጥ ተቀበረ፣ ገሚሱ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ከእነዚያ ካሴቶች ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» የተሰኘ ስብስብ ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደርሷል። በዚህ በኩል ደግሞ ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከአፍረን ቀሎ ቡድን የወጣው አሊ ቢራ ኡዱንም ጊታሩንም ይዞ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ዘፍኗል። የሶማሌውም የደጋውም ዜማ በአምስት ድምፅ ቅኝት የተገነባ ስለሆነ ጊታሩ በሁለቱም ቤት እንግዳ አይደለም። ዛሬ በሠርግ ቤት ኪቦርዱ ሁሉንም ጠቅልሎ መያዙ እውነት ነው። ይህ ግን ጊታር የሚይዘው እጅ አነሰ ማለት እንጂ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው የሸደር መጠለያ ከሶማሊያ የመጡ ስደተኞች መኖራቸው ደግሞ ያንን የባንድ ዘመን በጆሮው የሚያስታውስ ሰው ሩቅ አለመሆኑን ይነግረናል።

ወደ ክርክሩ ልመለስና ፒክአፕ ምን እንደሆነ እንይ፤ ምን እንዳልሆነ የሚገባን በዚያ በኩል ነው። ነገሩ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ካሳየው አይወጣም። ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ የማይበልጥ፣ ፀጉር የሚያህል የመዳብ ሽቦ ሰባትና ስምንት ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። የብረት ክር ከላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፤ ሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላል። ጆርጅ ቦሻም ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠራው መጥበሻ መሰል ጊታርም፣ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ስትራቶካስተርም በዚሁ ሥርዓት ነው የሚሠሩት። ፒክአፕ እንግዲህ ጆሮ ነው። ክሩ ዝጎ ከሆነ ዝገቱን ይሰማል። አንገቱ ጠምሞ ክሩ ፍሬት ላይ ቢንጣጣ መንጣጣቱን ይሰማል። ቤቱ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን ጉርምርምታውን ሲለቅ ያንንም ይሰማል፤ የተጠመጠመ ሽቦ ሆኖ ሳለ አለመስማት አይችልም። ውድ ፒክአፕ መግዛት የተሻለ ጆሮ መግዛት ከሆነ፣ የተሻለ ጆሮ የቤቱን ጫጫታም አብልጦ ይሰማል። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ሻጭ አላጋጠመኝም።

የምሥራቁን ቤት ጫጫታ ከቅርብ እንየው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በሐርጌሳ በኩል የሚገባ አምፕሊፋየር አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት እግር ወፍራም ስፒና አለው፤ ሦስተኛው እግር የኧርዝ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው። መካከላቸው የሚገባው ርካሽ አዳፕተር ሦስተኛውን እግር የትም አያደርሰውም፤ እዚያው ፕላስቲክ ውስጥ ያስቀረዋል። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ያለው ቢሆንም እንኳ ከጀርባው የተቀበረ የኧርዝ ዘንግ ላይኖር ይችላል። የጊታሩ ክር በሚታሰርበት ድልድይ በኩል፣ ድልድዩ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ወደ ጃኩ፣ ጃኩ በገመዱ ወደ አምፕሊፋየሩ ብረት፣ ብረቱ በስፒናው ወደ መሬት እንዲሄድ ነው የታሰበው። ከዚህ ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ስትበጠስ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ ይነሣል። መስመር ጠፍቶ በሶላር ኢንቨርተር ወይም በጄኔሬተር የሚጫወት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል፤ ርካሹ ኢንቨርተር የሚሰጠው ሞገድ ለስላሳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ የተሰበረ ስለሆነ ከጉርምርምታ ይልቅ የንብ ድምፅ ያወጣል። እዚያው ማከፋፈያ ላይ የተሰካው የስልክ ቻርጀርም የራሱን ይጨምራል። በዚህ መሀል ፒክአፑን መቀየር ምን ይረዳል?

ፍተሻው ነፃ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ክሩን በእጅ መዳፍ መንካት። ዝዝታው ቀነስ ካለ የክሩ ኧርዝ እስከ አምፕሊፋየሩ ድረስ አለ፤ ሰውነታችን ያመጣውን ጫጫታ መሬቱ ወስዶታል ማለት ነው። ካልተለወጠ ወይም ከባሰ ከድልድዩ የምትወጣው ሽቦ ተበጥሳለች። በአሮጌ ጊታር ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ጃኩ ነው። የጃኩ ብሎን ይላላል፤ ተጫዋቹ ገመዱን በሰካና በነቀለ ቁጥር ጃኩ በእንጨቱ ውስጥ ይዞራል፤ በውስጥ በኩል ያሉት ሁለት ሽቦዎች አብረውት ይጠመዘዛሉ። አንድ ቀን ጥቁሯ ሽቦ ከብየዳዋ ላይ ትላቀቅና ግራጫ፣ የደበዘዘ፣ ቅርፊት የመሰለ የሊድ ጠብታ ብቻ ይቀራል። ጊታሩ ሲነቀነቅ ይሠራል፤ ሲቆም ይጠፋል። ባለቤቱ «ፒክአፑ ሞተ» ይላል። የሚያስፈልገው ግን ካውያ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሊድና የጃኩን ብሎን የሚያጠብቅ ቁልፍ ነው።

እዚህ ላይ ከድምፅ ጥራት የሚበልጥ ነገር አለ። የክሩ ኧርዝ ተጫዋቹን ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የሚያስተሳስር ነው። አምፕሊፋየሩ ራሱ ከመሬት ካልተያያዘና ውስጡ አንድ ነገር ከተበላሸ፣ ሌላ መስመር ላይ የተሰካ ማይክራፎን በከንፈሩ የነካ ጊታሪስት በሁለቱ መካከል ድልድይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1972 ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታሪስት ሌስሊ ሐርቪ ስዋንዚ ከተማ መድረክ ላይ ኧርዝ የሌለው ማይክራፎን ነክቶ ሞቷል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ ተሰክቶ፣ መሬቱ በተረጨ ውሃ ረጥቦ የሚዘጋጅ መድረክ ከዚያ አዳራሽ የተሻለ ጥበቃ የለውም። ከንፈሩን ማይክራፎን ቆንጠጥ ያደረገው ዘፋኝ ሳቅ ብሎ ያልፈዋል፤ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ መሆኑን ግን እናውቃለን። ለአንድ ጥንድ ፒክአፕ የተቆጠበ ገንዘብ ካለ፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ የኧርዝ ዘንግ በትክክል ማስቀበር ለድምፁም ለሰውዬውም ይበልጣል።

የፒክአፕ ወዳጆች እዚህ ላይ የሚያነሡት ጥሩ መከራከሪያ አለ፤ አቅልዬ ላልፈው አልፈልግም። «ጉርምርምታን የሚያጠፋ ፒክአፕ ተሠርቶ የለም ወይ?» ይላሉ። ተሠርቷል። የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አድርጎ፣ የአንደኛውን ማግኔትና አጠማጠም በሌላው ተቃራኒ አዙሮ፣ ከውጭ የሚመጣው ጉርምርምታ እርስ በርሱ እንዲጣፋ የክሩ ድምፅ ግን እንዲደመር አደረገ። ሐምበከር የሚባለው ይህ ነው። መስመሩ በሚጮኽበት ቤት የሚጫወት ሰው አንድ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ በሐምበከር ቢተካ ምክንያታዊ ነው፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ሐምበከር የሚያጣፋው ከትራንስፎርመርና ከመስመር በመግነጢስ የሚመጣውን ጉርምርምታ ነው። ኧርዙ ሲበጠስ የሚነሣውን ዝዝታ አያጠፋም። ያን የሚያጠፋው የተያያዘ ኧርዝና ፒክአፑ የተቀመጠበትን ጉድጓድ በብረት መሸፈን ነው። ወጥ ቤት ያለው የአልሙኒየም ፎይል ሥራውን ይሠራል፤ ብቻ አልሙኒየም ሊድ ስለማይዝለት ሽቦውን በብሎን አጣብቆ ማያያዝ ይገባል። ደግሞም ሐምበከር የገባለት ሰው ብዙ ጊዜ የቮሊዩሙን መዞሪያ አይቀይርም። ለነጠላ ጥቅል የተሠራው 250 ኪሎ ኦም መዞሪያ የሐምበከሩን ቀጭን ድምፅ ይበላበታል፤ ለእሱ የሚስማማው 500 ነው። ገንዘቡን ከፍሎ «ድምፁ ደነዘዘ» የሚለው ተጫዋች ያጣው ነገር ይህ ነው።

ስለ ገመድም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ከሁሉ የተናቀው እሱ ነው። የጊታር ገመድ መሀሉ አንድ ሽቦ፣ ዙሪያው የተሸመነ መጠቅለያ ሊኖረው ይገባል። ያ መጠቅለያ የሌለው የስፒከር ገመድ በሁለት ጫፉ ጃክ ተበይዶለት «የጊታር ገመድ» ሲሆን አንቴና ሆነ ማለት ነው። ደህናው ገመድም ቢሆን በአንድ ሜትር መቶ ፒኮፋራድ ገደማ የሚሆን ኃይል የመያዝ ጠባይ ስላለው ሲረዝም የላይኛውን ድምፅ ይጎርሳል። አሥር ሜትር ገመድ ዘርግቶ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚጫወት ሰው ፒክአፑ «ብርሃን የለውም» ካለ፣ መጀመሪያ የሦስት ሜትር ገመድ ይዋስና ይሞክር። ልዩነቱ ከአንድ ፒክአፕ ወደ ሌላ ከመሻገር አያንስም።

የአየሩ ጉዳይ ሌላ ነው። በበርበራ ወደብ ከባሕር ጠለል እኩል በሆነ እርጥብ አየር ውስጥ የከረመ እንጨት በቶጎ ውጫሌ አልፎ ከ1,600 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ጅግጅጋ ይወጣና ጅላል ይጠብቀዋል። ጅላል፣ ከታኅሣሥ ወዲያ ያለው ደረቁ ወቅት፣ ከእንጨት ውስጥ እርጥበት ይመጥጣል። የጣት ሰሌዳው በስፋቱ ይኮማተራል፤ የፍሬቶቹ የብረት ጫፎች ግን ብረት ናቸውና አይኮማተሩም። ስለዚህ በአንገቱ ጠርዝ በኩል እጅን የሚቦጫጭሩ ጥቃቅን ጥርሶች ብቅ ይላሉ። አንገቱ ቅርጹን ይለውጣል፤ ትናንት ንጹሕ የነበረው ክር ዛሬ ይንጣጣል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ካራን የሚባለው ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ለውጥ ይመጣል። ለጊታር የሚመከረው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው፤ ይህን በቤት ውስጥ መጠበቅ የሚቻለው ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሳይሆን ቦርሳው ውስጥ ዘግቶ ነው። ቀዳዳ በተበጀላት የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አስገብቶ ከጊታሩ ጋር ማስቀመጥ በዓለም ላይ ያሉ ጊታር ሠሪዎች የሚያውቁት ብልሃት ነው። የጣት ሰሌዳው ከጥቁር ወይም ከቡና ዓይነት ያልተቀባ እንጨት ከሆነ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ጥቂት ጠብታ የማዕድን ዘይት ይበቃዋል። የምግብ ዘይት ግን ይሻግታል፤ አቧራውንም ጎትቶ ጭቃ ያደርገዋል።

አቧራው ራሱ ከፒክአፑ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ። ከመንገድ ላይ የሚነሣው ደቃቅ አፈር ውስጥ ብረት ነክ ቅንጣት አለ፤ የክሩ ዝገትም ይረግፋል፤ ሁለቱም ማግኔቱ አናት ላይ እንደ ጺም ይቆማሉ። ላብ ሲጨመርበት ጺሙ ይጠጥራል። አንድ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፎ ሲነሣ ይወጣል፤ ከዚያ የበለጠ ጥበብ የለውም። ቮሊዩሙ ሲዞር «ክርርር» ካለ የገባበት አቧራ ነው፤ የኮንታክት ማጽጃ ፈሳሽ ጥቂት ረጭቶ ሃያ ጊዜ ወዲህ ወዲያ ማዞር ይበቃል። ክር ከከተማ መግዛት በሚከብድበት ቦታ የቆዩትን ወፍራም ክሮች ቀቅለው የሚያደርቁ አሉ፤ ለጥቂት ቀን ብርታት ይሰጣል፣ ከዚያ ይደክማል፤ እኔ አልነቅፈውም። ነት በሚባለው የአንገቱ ጫፍ የክር ማሳለፊያ ላይ ያለችው ስንጥቅ ክሩን ይዛ «ክንክ» የምታሰኝ ከሆነ ከትምህርት ቤት እርሳስ የተፋቀ ዱቄት ይገባባት። ቅኝት አልረጋ ያለው ብዙ ጊታር ከዚህ ሌላ በሽታ የለውም።

ከሁሉ የሚገርመው የፒክአፕ መቀየር ጥቅም ከሚባለው ውስጥ ግማሹ በመፍቻ የሚገኝ መሆኑ ነው። ፒክአፕ የሚያያዝበት ብሎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። የመጨረሻው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭኖ በክሩና በማግኔቱ መካከል ያለውን ክፍተት መለካት ነው፤ ፌንደር ለስትራቶካስተሩ የሚያስቀምጠው በወፍራሙ ክር በኩል ሁለት ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል አንድ ነጥብ ስድስት ያህል ነው። በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል፤ አንድ ድምፅ ሁለት ድምፅ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፤ ቅኝቱ ወደ ላይኛው አንገት ሲኬድ ይስታል። በአምስት ድምፅ ዜማ ይህ ስሕተት ወዲያው ያጋልጣል፤ ድምፆቹ ጥቂት ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ራቁታቸውን ይቆማሉና። የጆሮ ልማዳችን በካባን የተገራ ነው፤ ካባን ፍሬት የለውም፤ ተጫዋቹ ድምፁን በጣቱ ያቀናል። ጊታር ላይ ያን የሚያቀናው ድልድዩ ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚሰማው ድምፅና እዚያው ክሩን በስሱ ነክቶ የሚሰማው ፉጨት እኩል እስኪሆኑ የድልድዩን ብሎን ማስተካከል የማንኛውንም ፒክአፕ ዋጋ ያህል ድምፅ ያቀናል።

ካባኑን ካነሣሁ አይቀር፣ ከዚሁ የምክር ግራ መጋባት የሚወለድ አንድ ስሕተት አለ። ካባን በመድረክ ላይ እንዲሰማ የጊታር ፒክአፕ ገዝቶ ከክሮቹ ሥር የሚለጥፍ ሰው ምንም አይሰማም። ማግኔቱ የሚያውቀው ብረት ነው፤ የካባን ክር ናይለን ነው፤ ወፍራሞቹም ቢሆኑ የተጠመጠመባቸው መዳብ ነው፤ ማግኔት መዳብን አያይም። ለካባንም ሆነ ናይለን ለታሰረበት ክራር የሚሆነው በእንጨቱ ላይ ተለጥፎ መንቀጥቀጡን የሚሰማ ፒዬዞ ነው። በተቃራኒው ቲናሪወን የተባለው ባንድ መሥራች ኢብራሂም አግ አልሐቢብ በሰሃራ በልጅነቱ ከጣሳና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ሠራው የሚባለው ጊታር ቢያንስ ክሩ ብረት ነበር። የዚያ ስደተኛ ባንድ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ2012 ግራሚ ሲሸለም፣ ከበረሃ አቧራ መሀል የወጣ ጊታር ዓለም የሚሰማው መሆኑ ተረጋገጠ። ተስፋ ለመስጠት አይደለም ያነሣሁት፤ ያ ሙዚቃ በዕቃ ጥራት የተገኘ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው።

«ይህ ሁሉ ጥገና በማን እጅ ይሠራል? ጊታር ጠጋኝ ጅግጅጋ የት አለ?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉ የቀለለው እሱ ይመስለኛል። የጅግጅጋ ገበያ በሞባይል ጠጋኞች የተሞላ ነው። ከማጉያ መስተዋት በታች ጎንበስ ብሎ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ክፍል ከስልክ ሰሌዳ ላይ ነቅሎ የሚተካ ወጣት፣ የጊታር ጃክ ብየዳ ለእሱ ጠጠር እንደማንሣት ቀላል ሥራ ነው። ካውያው አለው፤ ቴስተሩ አለው፤ አልኮልና ኮንታክት ማጽጃው አለው። የጎደለው ጊታሩን የሚያውቅ ሰው ከጎኑ ቆሞ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ማሳየቱ ነው። ጤነኛ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ በቴስተር ሲለካ ስድስት ኪሎ ኦም አካባቢ፣ ሐምበከር ሰባት ስምንት ያሳያል፤ መቋረጥ ካሳየ ግን ፒክአፑ ሞቷል። ይህን አንድ ቁጥር የሚያውቅ የስልክ ጠጋኝ ስንት አላስፈላጊ ግዢ ሊያስቀር እንደሚችል ማሰብ ነው። የእንጨት ሥራውን በተመለከተ የበርና የመስኮት አናጢዎች እጅ ላይ ያለው ሞያ ለነትና ለድልድይ በቂ ነው፤ ፍሬት ማስተካከል ግን ልምድ ይጠይቃል፣ እሱን አላቃልልም። የቱቦ አምፕሊፋየርም ከእነዚህ ውጭ ነው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚገድል ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላልና ያልሠለጠነ እጅ አይክፈተው።

ከዚህ ተነሥቼ የምናገረው ለባለሥልጣን ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የኤሌክትሮኒክስ ሠልጣኞቻቸውን ሲያስተምሩ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ጋር አንድ ኤሌክትሪክ ጊታርና አንድ አምፕሊፋየር ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጡ የሚከብዳቸው ነገር የለም። የጊታር ዑደት ከማንኛውም ትራንዚስተር ራዲዮ የቀለለ ነው፦ ፒክአፕ፣ ሁለት መዞሪያ፣ አንድ ካፓሲተር፣ አንድ የፒክአፕ መምረጫ፣ አንድ ጃክ። ለጀማሪ ሠልጣኝ ከዚህ የተሻለ የብየዳ መለማመጃ ማግኘት ያስቸግራል፤ ያበላሸውን ጆሮው ወዲያው ይነግረዋል። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም በኤሌክትሪክ ምሕንድስናው በኩል የከተማውን የአዳራሽና የሠርግ ድንኳን ኧርዝ ለተማሪ የመስክ ሥራ አድርጎ ቢያስለካ፣ ከጊታሩ ወገን አልፎ ለሁሉም የሚጠቅም ነው። «ውሃና ትምህርት ቤት ሳይሟላ የምን ጊታር?» የሚል ካለ፣ እየጠየቅሁ ያለሁት አዲስ በጀት አለመሆኑን ይይልኝ፤ ያለው ትምህርት፣ ያለው መምህር፣ ያለው ካውያ ነው።

አንድ ተቃውሞ ቀርቷል፤ ሐቀኛ ስለሆነ ደስ ይለኛል። አማተር ተጫዋች ዕቃ የሚቀያይረው ለድምፅ ብቻ አይደለም፤ መፍታትና መግጠሙ፣ «አልኒኮ ሁለት ይሻላል አምስት» እያሉ ስለ ማግኔት መከራከሩ ራሱ ደስታ ነው። ከቡና በኋላ የሚደረግ ክርክር ነው፤ ማንንም አይጎዳም። እውነት ነው፣ ገንዘቡ የግሉ ከሆነ የሚያገባኝ የለም። የሚያገባኝ ምክሩ ወደማይችለው ሲወርድ ነው። አንድ ጊታር ለሦስትና ለአራት የሚጫወቱ ልጆች ባሉበት ከተማ፣ «ፒክአፑን ካልቀየርህ ድምፅ የለህም» የሚባለው ልጅ ያለውን ጊታር ጥግ አስጠግቶ ገንዘብ መጠበቅ ይጀምራል። ጊታሩ እየጠበቀ ይደርቃል፤ ክሩ ይዝጋል፤ ጃኩ ይላላል። ገንዘቡ ሲገኝ አዲሱ ፒክአፕ በዚያው የላላ ጃክ ላይ ይበየዳል፤ ዝዝታውም በቦታው ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ከኮሌጆቹ አንዱ ቢነሣና ለሞባይል ጠጋኞች የአንድ ቅዳሜ ሥልጠና ልስጥ ቢል የሚያስፈልገው አንድ ቴስተር፣ አንድ ካውያ፣ ጥቂት ሊድ፣ ጊታሩን የሚያውቅ አንድ ሰውና አንድ የተበላሸ ጊታር ነው። የተበላሸ ጊታር ደግሞ ፈልጎ ማጣት አይቻልም።